ቴሌቪዥናችንና ሁለቱ ረሃቦች

በኢትዮጵያ መንግሥት የገለበጠ ወይም ለመገልበጥ የሞከረ ሁሉ አንድ ነገር ሳይነገረው ያውቃል። ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ ወታደር መቆም ያለበት ራዲዮ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ነው። ባንኩ ይደረስበታል፤ ግምጃ ቤቱም ይደረስበታል። ማይክሮፎኑ ግን አያድርም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ን እናስታውስ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹን ታሪክ ሳነሳም ጭምር።) ጃንሆይ ለጉብኝት ብራዚል ነበሩ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ክብር ዘበኛን ይዘው ተነሱ፤ የለውጡንም ቃል አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በራዲዮ አነበቡት። ተገደው ነው ወይስ ወደው የሚለው ክርክር ስንት ዓመት ሲያነታርክ ኖሯል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ወገን ያደረገው ነው። ለዘውዱ የታመኑት ጄኔራሎች፣ እነ መርዕድ መንገሻና ከበደ ገብሬ፣ ጦሩ ነበራቸው፤ አውሮፕላኑም ነበራቸው፤ ራዲዮ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ የፓትርያርኩን የአቡነ ባስልዮስን ቃል በወረቀት አሳትመው ከሰማይ በከተማው ላይ በተኑት። የአዲስ አበባ ሰው አንዱን መንግሥት በጆሮው እየሰማ ሌላውን ከጣራው ላይ ይለቅም ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜ ራዲዮ የወሬ መንገሪያ ሳይሆን የመንግሥት ማኅተም ነበር። የተጀመረውም እንዲሁ ነው። በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሥራ የጀመረውን የመጀመሪያውን ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ጃንሆይ በዚያው ጣቢያ ተጠቅመው ጣሊያን ሊወርረን መነሣቱን ለዓለም አሰሙ። ጠላት በሠራው ጣቢያ ጠላትን መክሰስ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ አገርም የኮራበት ነው። ይሁንና የዚያ ዘመን ራዲዮ የተናገረው ንጉሡ የፈለጉትን ነበር፤ በዚያን ሰዓት ንጉሡ የፈለጉትና አገሩ የፈለገው አንድ ስለነበር ልዩነቱ አልታየም። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ከሰሜኑ ሁለት ረሃቦች የተሻለ ትምህርት ቤት የለንም።

ቴሌቪዥን ወደኛ የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ አለቃው ደግሞ ማስታወቂያ ሚኒስቴር። የዚህ መሥሪያ ቤት ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ማስታወቂያ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው አቤቱታ ይባላል፤ ለአቤቱታ ደግሞ ሚኒስቴር አልተቋቋመለትም።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃብ ገባ። ገባ ማለቱ ራሱ ትክክል አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምልክቱ መታየት ጀምሮ ነበር። ከወሎ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ገበሬዎች ከከተማው ሳይገቡ በፖሊስ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ለተማሪው አሳዩ። የውጭ ዕርዳታ ድርጅቶችም ያውቁ ነበር፤ መንግሥትን ላለማስቀየም ሲሉ ያወቁትን በፋይል ይዘው ተቀመጡ። የሞተውን ሰው ቁጥር የሚገምቱት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ትንሹ ግምት 40 ሺህ ገደማ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 200 ሺህ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በኋላ ይህንኑ ረሃብ አጥንቶ፣ ወሎ ውስጥ ሰው ሲያልቅ በአገሪቱ እህል ጨርሶ ጠፍቶ እንዳልነበረ፣ የጠፋው ገበሬው እህሉን የሚገዛበት አቅም እንደነበረ ጽፏል። የዚህ ሰው ሌላው የታወቀ ነጥብ፣ ነፃ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር ይህን የሚያህል ረሃብ አይደርስም የሚለው ነው። ሊከራከሩት ይቻላል፤ እኛ ግን ለመከራከሪያ የሚሆን ማስረጃ የለንም።

ቴሌቪዥናችን በእነዚያ ወራት ምን አለ? ዋሸ ብለን ብንፈርድበት ቀሎን ነበር። የሚብሰው ግን መዋሸት ያላስፈለገው መሆኑ ነው። ዜናው ግርማዊነታቸው የእከሌን አገር አምባሳደር ተቀብለው አነጋገሩ ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የምረቃ ሥነ ሥርዓት፤ ቀጥሎ የልዑካን ቡድን አቀባበል። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። አምባሳደሩ መጥቷል፤ ሪባኑም ተቆርጧል። የጎደለው ብቻ ነው የጎደለው። ሳንሱር ሲባል ብዙ ሰው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ዐረፍተ ነገር የሚሰርዝ ሹም ይታየዋል። በሠለጠነው ደረጃው ግን ሳንሱር እስክሪብቶ አያስፈልገውም። ዜና ጸሐፊው ወሎ ሂድ ብሎ የሚልከው አለቃ እንደሌለው ያውቃል፤ አለቃውም ለምን አልላክህም ብሎ የሚጠይቀው ሚኒስትር እንደሌለው ያውቃል፤ ሚኒስትሩም እንዲሁ። ማንም ትዕዛዝ ሳይሰጥ ሁሉም ታዛዥ ይሆናል።

ወሬውን ያወጣው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምቢልቢ ነው። ቴምዝ ለተባለው የለንደን ቴሌቪዥን ኩባንያ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ፤ ከዚያም ዓለምን ዞረ። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ለማን ነው ያልታወቀው? ወሎዬው አያውቅም ነበር? አውራጃ ገዥው አያውቅም ነበር? ከደጃፉ ገበሬ የመለሰው ፖሊስ አያውቅም ነበር? ያልታወቀው በማታው ዜና ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ነገር ግን ቆም ብለን እንየው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ማታ፣ የዲምቢልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እንዳለ ግን አልታየም። ደርግ ሌላ ምስል ጨምሮበታል፤ በሞት አፋፍ ያሉት ሕፃናት ታይተው ሲያበቁ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል፤ እናት ሬሳ ታቅፋ ትታይና የጃንሆይ ውሾች ሥጋ ሲቀርብላቸው ይታያል። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። አርባ አራት ዓመት የነገሠ ንጉሥ ከሥልጣኑ የወረደው በመድፍ አይደለም፤ የመጨረሻውን ምት የመታው በአንድ ማታ የታየ ፊልም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ ሰዎች ያንን ማታ ቴሌቪዥናችን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገረበት ማታ አድርገው ሲያነሡት ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስሉ እውነት ነበር፤ የወሎ ሕፃናት አልተፈጠሩም። ነገር ግን ያ ፊልም በፈረንጅ አገር ከታየ አሥራ አንድ ወር አልፎታል። የእኛ ጣቢያ ቢፈልግ ዓመቱን ሙሉ ሊያሳየው ይችል ነበር፤ ሰው እየሞተ ሳለ፣ እህል ሊደርስ በሚችልበት ጊዜ። ያሳየው ግን ለሟች በሚጠቅምበት ቀን ሳይሆን ለገልባጭ በሚጠቅምበት ቀን ነው። ትናንት ዝም በል ሲባል ዝም ያለው ጣቢያ ዛሬ ተናገር ሲባል ተናገረ። ታዛዥነቱ አልተለወጠም፤ አዛዡ ነው የተለወጠው። በትዕዛዝ የተነገረ እውነት ደግሞ ዕድሜው ትዕዛዙ እስኪሻር ድረስ ነው።

ማረጋገጫው ሦስት ወር አልፈጀም። ኅዳር 14 ለ15 አጥቢያ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። እሑድ ጠዋት ራዲዮው ስማቸውን እየጠራ አነበበ። ብዙ ቤተሰብ የባሉን፣ የአባቱን፣ የወንድሙን ሞት የሰማው ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ማን ከሰሳቸው፣ ማን ፈረደባቸው ብሎ የጠየቀ ዜና አንባቢ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር።

በአገሪቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የነበረው አንድ ትልቅ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ የሉተራውያን ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ። የሃይማኖት ጣቢያ ነው፤ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ቢሆንም ዜናው የተሻለ ይታመን ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወረሰና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

የቤቱን ውስጥ ለማወቅ ደግሞ የበዓሉ ግርማን ነገር ማንሣት ይበቃል። በዓሉ የውጭ ሰው አልነበረም፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት የደረሰ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ የመራ ሰው ነው። ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በሚለው ልብ ወለዱ አወጣው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይም ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚያ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ቢሮ ያለው ጋዜጠኛ ሁሉ ይህን አየ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኞቻችን ለምን ዝም አሉ ብሎ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ረሃብ እንምጣ፤ በዓሉ ከጠፋ ብዙም አልቆየም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሽ አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን አስታወቀ። የራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ያስታወቀው፤ ምሥጢር አልነበረም። ለለጋሾች ተነገረ፤ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አልተነገረም። ምክንያቱም መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አለ፤ ኢሠፓ ይመሠረታል፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከተማውን እያስጌጡት ነው፤ የትግላችን ሐውልት እየተጠናቀቀ ነው። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ ባሳተሙት «የደም እንባ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጉዳዩን ለሊቀ መንበሩ ባነሡ ጊዜ ረሃብ ከኛ በፊትም የነበረ ነው፤ በዚህ አትዋጥ የሚል መልስ እንዳገኙ ጽፈዋል። መልሱን ልብ ይሏል። በረሃብ ሥልጣን የያዘ መንግሥት ነው ይህን ያለው።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ለሰልፉ ልምምድ ተሰልፈናል፤ በዝናብ ሳይቀር። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ፊደል ይሰጠናል፤ ከሩቅ ሲታይ ሁላችንም ተደምረን መፈክር እንሆናለን። እኔ የትኛው ቃል ውስጥ እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ፊደሌ «ት» ነበረች። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥናችን በቀለም ማሠራጨት ጀመረ፤ ለበዓሉ ክብር ተብሎ። ባለቀለም መቀበያ ያለው ሰው ጥቂት ቢሆንም ወሬው ግን ሰፈሩን ሞላው፤ ቀዩ ባንዲራ ቀይ ሆኖ ይታያል እየተባለ። ማታ ማታ አባቴ መብራት አጥፍቶ፣ ራዲዮኑን ከጆሮው አጠገብ አድርጎ፣ ከኮሎኝ የሚመጣውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዜና ያዳምጣል። «ጎረቤት እንዳይሰማ» ትለዋለች እናቴ። «ጎረቤትም ይኸንኑ ነው የሚያዳምጠው» ይላታል። ስለ ሰሜኑ ረሃብ የሰማነው ከዚያ ነው። ደሴ ጭነት ያደርስ የነበረ አጎቴም መጥቶ ያየውን ሲያወራ እናቴ ምግብ ማቅረብ አቃታት። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ልምምዱ ሄድኩ።

ስለ ቃላቱም አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን ነገሩ የግድ ሲነሣ «ድርቅ» ይባል ነበር እንጂ «ረሃብ» አይባልም። ድርቅ የሰማይ ነው፤ ባለቤት የለውም። ረሃብ ግን ባለቤት አለው፤ ማን አስራበ ያሰኛል። ሰሜኑ ላይ ጦርነት ነበር፤ ገበሬው እህሉን ከአውራጃ አውራጃ እንዳያዘዋውር ኬላ ነበር፤ እህሉን በመንግሥት ዋጋ የመሸጥ ግዳጅ ነበር። ይህን ሁሉ «ድርቅ» የሚለው ቃል ይሸፍነዋል። ያንን ቃል ዛሬም በየዜናው የሚያዘወትሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በዓሉ ካለፈ ስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ አሳየ። ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ ኮረምና መቀሌ ላይ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። እህል በመርከብ መጣ፤ ዘፋኞች ተሰበሰቡ፤ ዓለም ተንቀሳቀሰ። ለብዙዎቹ ግን ረፍዶባቸዋል። በዚህ ረሃብ የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። አሚን ለዚህች አገር በዕዳ የሚታሰብ ሰው ነው፤ በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ ክንዱን አጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሞተ። በስሙ የተሰየመ መንገድ ቢኖር አይበዛበትም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ፣ እንግዲህ ፈረንጅን ልታመሰግንልን ነው ወይ ሊለኝ ይችላል። አይደለም። የጎረቤትን ገመና ማውራት ድፍረት አይጠይቅም፤ ኮረም ላይ ያለው ረሃብ ለለንደን መንግሥት አላፈረውም። የአንድ ጣቢያ ነፃነት የሚፈተነው የራሱን መንግሥት የሚያሳፍር ነገር ሲመጣ ነው። ቢቢሲም በመጀመሪያው ፈተና አላለፈም። በሚያዝያ መጨረሻ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሠራተኛው በሙሉ ሥራ ሲያቆም፣ ጋዜጦችም ስለተቋረጡ የቀረው በአብዛኛው ራዲዮ ነበር። ቸርችል ጣቢያውን መንግሥት ይውሰደው ብሎ ተሟገተ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን እምቢ አለ። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ሪትም ነፃነቱን አስጠበቀ ተባለ። ዋጋው ግን ምን ነበር? የተቃዋሚው መሪ ማክዶናልድ በራዲዮ ይናገር ዘንድ ሲጠይቅ ተከለከለ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የዕርቅ ጥሪ እንኳ ታገደ። ሪት በማስታወሻ ደብተሩ፣ መንግሥት ያልወሰደን እውነተኛ ገለልተኛ እንደማንሆን ስለሚያውቅ ነው በሚል መንፈስ ጽፏል። ቢያንስ ለራሱ አልዋሸም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። በጥቅምት 1949 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ለስዌዝ ቦይ ሲል ከግብፅ ጋር ጦርነት ገጠመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢደን በቢቢሲ ቀርቦ ለሕዝቡ ተናገረ። በማግሥቱ ተቃዋሚው ጌትስኬል በዚያው ቢቢሲ ቀርቦ ጦርነቱ ስሕተት ነው፤ ኢደንም ከሥልጣን ይውረድ አለ፤ ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ። ወደ ውጭ አገር የሚተላለፈውም ክፍል ይህንኑ ለዓረቡ ሁሉ ተረጎመው። መንግሥት ተቆጣ፤ የዚህን ክፍል በጀት እቀንሳለሁ አለ፤ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አንድ ተቆጣጣሪ ሰው ልኮ አስቀመጠበት። ጣቢያው ግን ቃሉን አላጠፈም።

በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው ገንዘቡ ነው ይላል፤ ቢቢሲ የሚኖረው ከገንዘብ ሚኒስቴር ካዝና ሳይሆን ተመልካቹ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው፤ ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮም በንጉሥ ቻርተር የቆመ ነው። ገንዘቡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኢደንም ያስፈራራው በገንዘቡ በኩል ነው፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል በሙሉ ዕረፍት ውጡ ብሎ ስንት ቋንቋ ዝም ሲያሰኝ አይተናል። ግን እኛም ለቴሌቪዥናችን በዓመት ስንከፍል ኖረናል፤ ካልከፈልክ ትቀጣለህ እየተባልን። ያ ክፍያ ለከፋዩ አንዲት ቃል አልገዛለትም። እኔ ዋናው የሚመስለኝ ሌላ ነው። ሪት በ1918 ያልቻለውን ተተኪዎቹ በ1949 የቻሉት፣ በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትንንሹ ነገር እምቢ ማለትን ስለተለማመዱ ነው። እምቢ ያለውም ሰው በማግሥቱ ቢሮው ይገባል፤ ልጆቹም አባታቸውን አያጡትም። የበዓሉ ግርማ ጓዶች ይህን ልምምድ የሚጀምሩበት አንድ ቀን እንኳ አልተሰጣቸውም።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 20 ጠዋት የሆነውን በዚያ ዕድሜ ላይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከራዲዮው የወጣው የመጀመሪያ ዜና ስለ ራዲዮው ነበር፤ ጣቢያው በኢሕአዴግ እጅ መግባቱንና ከእንግዲህ የሚያገለግለው ሕዝብን መሆኑን። አዲሱ ዘመን ካለፈው ብዙ ነገር ለወጠ፤ የግል ጋዜጣ ተፈቀደ፤ ሳንሱር ቀረ ተባለ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያየ አስተያየት ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ደነገገ። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ አንብቡት። ጣቢያው በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆን ተጠሪነቱ ለፓርላማው ተደረገ፤ በቦርዱ ወንበር ላይ ግን የመንግሥት ሹማምንት ሲቀመጡ ነው ያየነው። ማስታወቂያ ሚኒስቴርም ስሙ ቀረ።

ያ አንቀጽ በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት መንግሥትና ተቃዋሚዎች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ በቀጥታ። መሬት የማን ይሁን ተባለ፤ ማዳበሪያው፣ ፌዴራሊዝሙ፣ ድህነቱ ተነሣ። ሚኒስትር ሲናገር የሚያቋርጠው፣ ቁጥር ሲጠቅስ ቁጥርህ ስሕተት ነው የሚለው ሰው በዚያ ሳጥን ውስጥ አየን። ክርክር ባለበት ማታ ቡና ቤቱ ሁሉ ይሞላል፤ ኳስ ያለ ይመስል። እኔ ከማዘወትርበት ቤት አስተናጋጇ ትዕዛዝ መቀበል ትታ ቆማ ትሰማ ነበር፤ የሚቆጣትም አልነበረም። ጋዜጠኞቹ እነዚያው ነበሩ፤ ካሜራውም ያው፤ ሕንጻውም ያው። ለካስ ያውቁበታል አልን።

ምርጫው ግንቦት 7 ተካሄደ። በዚያኑ ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ቴሌቪዥን ቀርበው አዲስ አበባ ውስጥ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን አስታወቁ። አስተናጋጇ ድምፁን ቀነሰችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።